«ፍሬን እምቢ አለኝ» ከማለት በፊት

ከግጭት በኋላ ከአሽከርካሪ አፍ ቀድማ የምትወጣ አንዲት ቃል አለች፦ «ፍሬን እምቢ አለኝ»። አንዳንዴ እውነት ናት። የፈላ የፍሬን ዘይትም ሆነ ያለቀ የፍሬን ሸራ በእርግጥ እምቢ ይላል። ብዙ ጊዜ ግን ፍሬኑ ሲፈተሽ ደህና ሆኖ ይገኛል። እግር ፔዳሉ ላይ ሲደርስ ለመቆም የሚያስፈልገው መንገድ ቀድሞ አልቆ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በ2021 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ዙሪያ በመንገድ አደጋ የሞቱት ሰዎች 1.19 ሚሊዮን ይደርሳሉ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው፤ ማለትም የሌላው ሰው ፍሬን በጊዜ መያዝ አለመያዙ ሕይወታቸውን የሚወስንባቸው። ስለ ፍሬን ሲወራ ግን ወሬው ሁሉ ስለ ሸራ፣ ስለ ዲስክና ጎማ እንዳይቆለፍ ስለሚያደርገው ኤቢኤስ ነው። እግር ፔዳሉን ከመንካቱ በፊት ስላለችው አንድ ሰከንድ ተኩል የሚያነሳ ጥቂት ነው። አደጋን ተከላክሎ ማሽከርከር የሚባለው ሙያ በአብዛኛው የሚያርፈው እዚያች ጊዜ ላይ ነው።

ርቀቱ የት ይሄዳል?

መኪና የሚቆምበት ርቀት የሁለት ነገሮች ድምር ነው። የመጀመሪያው ዓይን አደጋውን አይቶ፣ አእምሮ ወስኖ፣ እግር ከነዳጅ ፔዳል ተነስቶ ፍሬን እስኪረግጥ የሚታለፈው ነው። ሁለተኛው ፍሬኑ ከተያዘ በኋላ ያለው ነው። ነቅቶ የሚነዳ ሰው ለመጀመሪያው ክፍል 1.5 ሰከንድ ያህል ይፈልጋል። ደክሞት ከሆነ፣ ወይም ዓይኑ ስልክ ላይ ከነበረ፣ ከዚህ በእጅጉ ይረዝማል።

ጥሩ ጎማ ያለው የቤት መኪና በደረቅ አስፋልት ላይ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በ7 ሜትር በሰከንድ ያህል መቀነስ ይችላል እንበል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እስኪቆም 18 ሜትር ያህል ይፈጅበታል። በ50 ደግሞ 35 ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 21ዱ ፍሬን ከመነካቱ በፊት የሚያልፍ ነው። በ80 ወደ 69፣ በ100 ወደ 97 ሜትር ይደርሳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ከእግር በፊት ያለው ርቀት እጥፍ ይሆናል፤ ከፍሬን በኋላ ያለው ግን አራት እጥፍ፣ ምክንያቱም ፍሬኑ የሚያጠፋው ጉልበት ከፍጥነት ካሬ ጋር አብሮ ያድጋል። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ለሞት የሚያበቃ ግጭት ዕድል በ4 በመቶ ገደማ ይጨምራል የሚባለውም ለዚህ ነው።

ቁጥሩ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ በሁለት መኪኖች ብናየው ይሻላል። አንዱ በ50፣ ሌላው በ60 ኪሎ ሜትር ጎን ለጎን ሲሄዱ ልጅ ኳስ ተከትሎ መንገድ ውስጥ ገባ። ሁለቱም እኩል አዩ፣ እኩል ረገጡ። የ50ው መኪና ልጁ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። የ60ው መኪና እዚያው ቦታ ላይ ሲደርስ ገና በ43 ኪሎ ሜትር እየሄደ ነው። ልዩነታቸው አሥር ኪሎ ሜትር ነበር፤ ልጁን የሚመታው ፍጥነት ግን 43 ሆነ።

አሁን የ60ው አሽከርካሪ ፍጥነቱን ሳይቀይር፣ ሠፈሩ ልጆች የበዙበት መሆኑን አይቶ እግሩን ቀድሞ ፍሬን ላይ አሳድሮ ነበር እንበል። ግማሽ ሰከንድ አተረፈ። እዚያ ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በርግጥ እንዲህ ባለ ሠፈር 60 መሄዱ ራሱ ጥፋት ነው፤ ግን ያቺ ግማሽ ሰከንድ ምን ያህል ዋጋ እንዳላት ያሳያል።

እግርን ፍሬን ላይ ማሳደር

አሠራሩ ቀላል ነው። እግር ከነዳጅ ይነሳል፣ ተረከዝ ወለሉን እንደነካ ይዞራል፣ የእግር መዳፍ ከፍሬን ፔዳል በላይ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል ይቆያል። ፔዳሉ አይነካም። ነዳጅ በመነሳቱ ብቻ ሞተሩ መኪናውን መያዝ ይጀምራል፤ አእምሮም ለመርገጥ ቀድሞ ይሰናዳል። አደጋው ካልመጣ እግር ወደ ነዳጅ ይመለሳል። የጠፋው ጊዜ አንድ ሁለት ሰከንድ ቢሆን ነው።

ይህንን እግርን ፔዳል ላይ አሳርፎ ከመንዳት መለየት ያስፈልጋል። ፔዳሉን በትንሹ ተጭኖ የሚሄድ ሰው ሸራውን ያለ ሥራ ያሞቀዋል፣ ዲስኩን ይበላዋል። ከዚያም የሚብሰው የፍሬን መብራቱ ሁልጊዜ መብራቱ ነው። ከኋላ የሚመጣው «ይሄማ ልማዱ ነው» ብሎ መብራቱን ማመን ያቆማል፤ እውነተኛው ፍሬን ሲያዝም አያምነውም። በግራ እግር ፍሬን መያዝም እንዲሁ። የግራ እግር ፍሪሲዮን ጥርቅም አድርጎ መርገጥ የለመደ ነው፤ ፍሬን ላይ ሲያርፍ ልኩን አያውቅም። አውቶማቲክ ማርሽ ባለው መኪና ደግሞ በድንጋጤ ጊዜ ሁለቱም እግሮች ባንድ ላይ ይረግጣሉ።

እግር መቼ ይሻገር? ወደ መስቀለኛ መንገድ ሲቀረብ፣ አረንጓዴ መብራት ቢሆንም፤ በተለይ አረንጓዴው ከበራ ከቆየ። ከቆመ አውቶቡስ ፊት ለፊት ሲታለፍ። በቆሙ መኪኖች ረድፍ ጎን ሲኬድ። እዚህ ላይ ጥቃቅን ምልክቶች ብዙ ይናገራሉ፦ የቆመ መኪና ውስጥ የሰው ጭንቅላት ከታየ በር ሊከፈት ነው። የፊት ጎማው ወደ መንገዱ ከዞረ ሊወጣ ነው። ፍሬቻ ላይታይ ይችላል፣ ጎማ ግን አይዋሽም። በመኪናው ሆድ ሥር የሰው እግር ከታየ ከጀርባው የሚሻገር ሰው አለ። ኳስ ከመጣ ልጅ ይከተላል፤ አንድ ልጅ ከተሻገረ ሁለተኛው ይከተላል። ከጎን መንገድ የሚወጣ ሹፌር ወደኛ አቅጣጫ አየ ማለት አስተዋለን ማለት አይደለም። የሚታመነው ጎማው መቆሙ እንጂ ዓይኑ አይደለም።

ልምድ ያላቸው ሞተረኞች ይህንን ሳይነገራቸው ያደርጉታል፤ በከተማ ውስጥ ሁለት ጣታቸው ከፊት ፍሬን ማንሻ ላይ አይነሳም። የፊት ፍሬን ከማቆሚያው ኃይል አብዛኛውን ስለሚሸከም፣ በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየጠበቀ የሚሄድ አያያዝ ይፈልጋል፤ ጣት ቀድሞ መዘጋጀቱ ለዚያም ይረዳል።

ይህ ሁሉ የሚጠቅመው ዓይን ሩቅ ከሆነ ነው። ከፊት ያለውን መኪና የኋላ ሰሌዳ እያየ የሚነዳ ሰው እግሩ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ጥሩው ልክ መኪናው ከ12 እስከ 15 ሰከንድ በኋላ የሚደርስበትን ቦታ ማየት ነው፤ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 200 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። ከዚያ ወደ ቅርብ፣ ወደ ስፖኪዮ፣ እንደገና ወደ ሩቅ።

ሁለት ሰከንድ የሚበቃው መቼ ነው?

«ርቀትህን ጠብቅ» የሚለው ምክር በሜትር ሲነገር ማንም አይለካውም። በጊዜ ሲነገር ግን ይሠራል። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ «አንድ ሺህ አንድ፣ አንድ ሺህ ሁለት» ብሎ መቁጠር ነው። ቆጠራው ሳያልቅ ምሰሶው ጋ ከተደረሰ ርቀቱ ጠብቧል። በደረቅ መንገድ 2 ሰከንድ ዝቅተኛው ነው፤ ብዙ አሠልጣኞች 3 ይላሉ። በዝናብ 4፣ በበረዶ ደግሞ የደረቁን እስከ አሥር እጥፍ።

ደንቡን የሚያውቅ ሁሉ ግን ከበስተጀርባው ያለውን ግምት አያውቅም። ሁለት ሰከንድ የሚበቃው የፊተኛው መኪናም በፍሬን የሚቆም ከሆነ ነው። እሱ የሚያቆምበትን ርቀት እኛም እናገኘዋለን፤ የሚጎድለን ዘግይተን የረገጥንበት 1.5 ሰከንድ ብቻ ነውና ሁለቱ ሰከንድ ያንን ይሸፍናል። የፊተኛው መኪና የቆመ ከባድ መኪና ውስጥ ገብቶ ባለበት ቀጥ ቢልስ? በ80 ኪሎ ሜትር 2 ሰከንድ 44 ሜትር ነው፤ ለመቆም የሚያስፈልገን ግን 69። ሃያ አምስት ሜትር ጎደለ። አሥር መኪና ተከታትሎ የሚጋጨው እንዲህ ነው።

ስለዚህ ከፊተኛው መኪና ባሻገር ያለው ሲታይ 2 ወይም 3 ሰከንድ ይበቃል፤ የሁለተኛውና የሦስተኛው መኪና የፍሬን መብራት ቀድሞ ይነግረናልና። የፊተኛው አውቶቡስ ወይም ከፍ ያለ የጭነት መኪና ሆኖ መንገዱን ከጋረደ ግን 4 ሰከንድ ያስፈልጋል። በ80 ኪሎ ሜትር 89 ሜትር ይሆናል፤ ለምንም ዓይነት አቋቋም ይበቃል። «ክፍተት ከተውኩ ሌላው ይገባበታል» የሚል ክርክር ሁሌም ይነሳል። ይገባል፤ እውነት ነው። ገብቶ የሚያስጠፋው ጊዜ ግን እነዚያኑ ሁለት ሰከንዶች ነው።

ከኋላ ተጣብቆ የሚመጣስ? በንዴት ፍሬን መንካት የሚያባብስ ነገር ነው። የሚሠራው ከፊት ያለውን ክፍተት ማስፋት ነው፤ የእሱን ጉድለት በእኛ ርቀት መሙላት። ከፊት ሰፊ ቦታ ካለ ፍሬን ቀድሞ፣ በለሆሳስ ይያዛል፣ የኋለኛውም የመንቂያ ጊዜ ያገኛል። ከዚያ ዕድሉ ሲገኝ ማሳለፍ። ቆሞ ሲጠበቅ ደግሞ የፊተኛው መኪና የኋላ ጎማ አስፋልቱን ሲነካ እስኪታይ ድረስ ርቆ መቆም፣ ከኋላ መኪና መጥቶ እስኪቆምም ፍሬኑን ሳይለቁ በስፖኪዮ መከታተል ይገባል። መብራቱ እየበራ ይቆያል፤ የመጣው ካልቆመም ማምለጫ ይኖራል።

ሲረገጥ በሙሉ ኃይል ነው

በ1996 (እ.ኤ.አ.) ፔዳሉ በፍጥነት ሲረገጥ የጎደለውን ግፊት ራሱ የሚሞላው የፍሬን አጋዥ ሥርዓት በመርሴዲስ መኪኖች ላይ የመጣው በአንድ ግኝት ምክንያት ነው፦ አሽከርካሪዎች በድንገተኛ ጊዜ ፍሬኑን ፈጥነው ይረግጣሉ፣ ግን አጥብቀው አይረግጡም። ፈርተው ነካ ያደርጋሉ፣ ሊጋጩ ሲሉ ይጨምራሉ። ያኔ ርቀቱ አልቋል።

ኤቢኤስ ባለው መኪና መመሪያው አጭር ነው፦ በሙሉ ጉልበት መርገጥ፣ አለመልቀቅ፣ ማምለጥ ወደሚፈለግበት ማየትና መሪውን ወደዚያ ማዞር። በእጅ ማርሽ የሚነዳ ፍሪሲዮኑንም አብሮ ይረግጣል። ፔዳሉ እግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ የሚያጉረመርም ድምፅ ይሰማል። ኤቢኤሱ ጎማው እንዳይቆለፍ ግፊቱን በሰከንድ ብዙ ጊዜ እየለቀቀና እየያዘ ነው። ይህን ስሜት የማያውቅ ሰው መኪናው የተበላሸ መስሎት እግሩን ያነሳል። መድኃኒቱ አንድ ቀን መለማመድ ነው። ሰፊና ባዶ ቦታ፣ ከኋላ ማንም የሌለበት፣ ቀበቶ ታስሮ፣ ልቅ ዕቃ ሁሉ ከመኪናው ወጥቶ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ሄዶ ፔዳሉ እስኪንቀጠቀጥ መርገጥ። ሦስት አራት ጊዜ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ፍሬኑ እስኪበርድ ዝም ብሎ መንዳት ነው። በጠጠር መንገድ ላይ ኤቢኤስ የማቆሚያውን ርቀት ሊያስረዝም እንደሚችል ማወቅም ያስፈልጋል። የተቆለፈ ጎማ ጠጠሩን ከፊቱ እየከመረ ይቆማል፤ የሚዞር ጎማ ግን ይንሸራተትበታል። በጠጠር ላይ መፍትሔው ፍጥነት ብቻ ነው።

ኤቢኤስ የሌለው መኪና ሲሆን ጎማው ከተቆለፈ መሪው አይሰማም፤ የቆመ ጎማ ወደ የትም አያዞርም። ጎማው እስኪዞር ድረስ ፔዳሉን በጥቂቱ መልቀቅ፣ ወዲያው እንደገና መጫን ነው።

አቀማመጥም ከዚህ አይለይም። ጀርባ ወንበሩን ተደግፎ፣ ፔዳሉ እስከመጨረሻ ተረግጦ ጉልበት አሁንም ጥቂት ካልታጠፈ ወንበሩ ሩቅ ነው፤ በቀጥተኛ እግር ሙሉ ኃይል አይገኝም። ከወንበር ሥር የሚንከባለል የውሃ ጠርሙስ ደግሞ ፔዳል ሥር ሲገባ ፍሬኑ ቃል በቃል እምቢ ይላል። ወለል ላይ ምንጣፍ በምንጣፍ መደራረብም እንዲሁ።

በእውነት እምቢ ሲል

ፍሬን የሚሠራው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉን ሳያነሱ ተጭኖ መውረድ ያንን ሙቀት መውጫ ያሳጣዋል። መጀመሪያ ሸራው መያዝ ይቀንሳል፣ ሽታ ይመጣል። ቀጥሎ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ነው፤ ከአየር እርጥበት ስቦ 3.7 በመቶ ውሃ ሲይዝ ግን ዝቅተኛው መሥፈርት 155 ዲግሪ ነው። ለዶት 3 ደግሞ 205ና 140። ሲፈላ የእንፋሎት አረፋ ይፈጠራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። እግር ወለሉን ይነካል፣ ጎማው ግን አይሰማም። አስቸጋሪው ነገር ዘይቱ ሲበርድ አረፋው መጥፋቱ ነው፤ በማግሥቱ ጋራዥ ሲታይ ፍሬኑ ደህና ነው ይባላል። ዘይቱ ምንም ያህል ንጹሕ ቢመስል በየሁለት ዓመቱ የሚቀየረው ለዚህ ነው።

ቁልቁለት ላይ ዋናው ሥራ የሞተሩ ነው። ማርሹ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ይቀነሳል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ ዜሮ ላይ መውረድ ግን ሸክሙን ሁሉ ሸራው ላይ ይጥለዋል፤ በነዳጅ ረገድም ቢሆን ዘመናዊ ሞተር በማርሽ ሲወርድ ነዳጅ ስለሚቆርጥ ትርፍ የለውም። በከባድ መኪና የሚመከረው ዘዴ ይህ ነው፦ ለቁልቁለቱ አንድ ፍጥነት ይወሰናል፣ ለምሳሌ 40። 40 ሲደርስ ፍሬኑ ጠበቅ ተደርጎ ይያዛል፣ 32 አካባቢ ሲወርድ ሙሉ ለሙሉ ይለቀቃል። እንደገና 40 ሲደርስ ይደገማል። በተያዘና በተለቀቀ መሐል ሸራው የሚይዘው ታምቡር ይተነፍሳል። በአየር ፍሬን ላይ ተጨማሪ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየት መኖሩም አይረሳ፤ አየሩ በቱቦ እስኪደርስ በ80 ኪሎ ሜትር 11 ሜትር ይታለፋል። ከባድ መኪና ፊት ዘው ብሎ የሚገባ የቤት መኪና ያንን 11 ሜትር ነው የሚሰርቀው።

ፔዳሉ ከሰመጠ እየለቀቁ ደጋግሞ መርገጥ ጥቂት ግፊት ሊመልስ ይችላል። እንደ ድንጋይ ከጠጠረና ካልያዘ ደግሞ የጠፋው የሞተሩ እገዛ ነው፤ በሁለት እግር መርገጥ ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያው ማርሽ አንድ በአንድ እየቀነሱ መውረድ፣ የእጅ ፍሬንን ጫፉ ላይ ያለውን መጫኛ ተጭኖ ይዞ ቀስ እያሉ መሳብ። በኤሌክትሪክ የሚሠራ የእጅ ፍሬን ባላቸው አብዛኞቹ መኪኖች ማብሪያውን ስቦ መያዝ መኪናውን እየቀነሰ ያቆመዋል። ሞተር ማጥፋት ግን ስህተት ነው፤ የመሪውንም የፍሬኑንም እገዛ ይወስዳል፣ ቁልፉ ከወጣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

የሚታየውን ያህል መንዳት

ማታ ላይ አጭሩ መብራት የሚያሳየው 50 ሜትር ገደማ ነው። በ80 ለመቆም 69 ሜትር ካስፈለገ አሽከርካሪው የሚነዳው ወደማያየው ነገር ነው፤ በ60 ግን 45 ሜትር ይበቃዋል። ስሌቱ ይኸው ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለውም። በዝናብ ደግሞ ጎማው ይወስናል። ብዙ አገሮች የጎማ ጥርስ ጥልቀት ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ነው ይላሉ፤ ውሃን የማስወገድ አቅሙ ግን 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ ጀምሮ በጉልህ ይወርዳል። መሪው ድንገት ከቀለለ ጎማው ውሃ ላይ ተንሳፍፏል ማለት ነው፦ ፍሬን ሳይነኩ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነዳጁን በዝግታ መልቀቅ።

መኪናው ራሱ ፍሬን ሲይዝ

በአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አዲስ የሚመዘገብ መኪና ሁሉ አደጋ ሲያይ ራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓት እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል። ጠቃሚ ነገር ነው። ጥያቄው አሽከርካሪው ያተረፈውን ምን ያደርግበታል የሚለው ነው። በ1980ዎቹ በጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ኤቢኤስ የተገጠመላቸው ታክሲዎች ካልተገጠመላቸው ጋር ሲነጻጸሩ ያደረሱት አደጋ አላነሰም፤ ሹፌሮቹ በተሻለው ፍሬን ተማምነው ጠንከር አድርገው ይነዱ፣ ወደፊተኛው መኪና ይበልጥ ይጠጉ ነበር። ካሜራና ራዳርም የግጭትን ፍጥነት ይቀንሳሉ እንጂ ሁሉንም አያስቀሩም። ጭጋግ፣ ፊት ለፊት የምትመታ ፀሐይ፣ ካሜራው ባለበት የመስታወት ክፍል ላይ የተጋገረ ጭቃ ያሳውራቸዋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሌላ ልማድ ያመጣል። ነዳጅ ፔዳል በነበረበት ቦታ ያለውን ፔዳል ሲለቁት ሞተሩ ራሱ ኃይል እየመለሰ መኪናውን ያቆማል፤ ቀኝ እግር ለሰዓታት ወደ ፍሬን ላይሄድ ይችላል። ድንገት ሲያስፈልግ ያቺ የእግር ዝውውር እንግዳ ትሆናለች። ባትሪው ሙሉ ሲሆን ወይም ብርድ ሲሆን ይህ የመያዝ ኃይል ይቀንሳል፣ መኪናው ከተለመደው በላይ ይንደረደራል። ሳይነካ የሰነበተ ዲስክም ይዝጋል። ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና የሚነዳ ሰው በሳምንት ጥቂት ጊዜ፣ ከኋላው ማንም በሌለበት፣ በእውነተኛው ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ቢያቆም ዲስኩም ይጠረጋል፣ እግሩም መንገዱን አይረሳም።